ቲቢን ለመግታት የርቀት ንክኪ ልየታ ያለ ኅብረተሰቡ ተሳትፎ ግቡን አይመታም

"ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ" የሚለው ብሂል በጤናው ዘርፍ እንደ መመሪያ ከተያዘ ውሎ አድሯል። ይሁን እንጂ ቲቢ ወይም የሳንባ ነቀርሳ በሚባለው በሽታ ረገድ ለረጅም ዘመን አብዛኛው ጥረት ሲደረግ የቆየው ታማሚው በራሱ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም ከመጣ በኋላ እሱን በማከም ላይ ነበር። ታማሚው መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ለወራት በአንድ ጣሪያ ሥር አብረውት ሲያድሩ የከረሙት የቤተሰቡ አባላት ሁኔታ በቅጡ ሳይታይ የሚታለፍበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። በሽታው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እየተሻገረ ዕድሜውን የሚያራዝመውም በዚሁ ክፍተት ነው።

ይህን ክፍተት ለመድፈን ከታማሚው ጋር ንክኪ ያላቸውን ሰዎች በስልክና በሌሎች የመገናኛ ዘዴዎች ከርቀት የመለየት አሠራር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ትኩረት እያገኘ መጥቷል። አሠራሩ ጊዜና ወጪ ይቆጥባል፤ የጤና ባለሙያው በእግሩ ሊደርስባቸው የማይችሉ ሰዎችንም ያገናኘዋል። ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌሎች አገሮች የተገኘው ተሞክሮ የሚያስረዳው ግን ስልክ ብቻውን ማንንም እንደማይመረምርና እንደማያክም፣ ውጤት የሚያመጣውም የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ሲታከልበት መሆኑን ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የቲቢን መንስዔ ባክቴሪያ ማግኘቱን ለዓለም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነበር። ዕለቱ በየዓመቱ የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ከዚያ ወዲህ ከ140 ዓመታት በላይ ቢያልፉም፣ በሽታው በመድኃኒት የሚድን ቢሆንም፣ ዛሬም በዓለም ብዙ ሰው ከሚገድሉ ተላላፊ በሽታዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 10 ነጥብ 8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ የታመሙ ሲሆን፣ 1 ነጥብ 25 ሚሊዮን ያህሉ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዚያው ዓመት በምርመራ ተለይተው የተመዘገቡት አዳዲስ ታማሚዎች 8 ነጥብ 2 ሚሊዮን ነበሩ። ይህም ከ2 ነጥብ 5 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ታመው ሳለ በምርመራ አለመታወቃቸውን ወይም ወደ መዝገብ አለመግባታቸውን ያመለክታል።

በኢትዮጵያ የቲቢ መከላከልና መቆጣጠር ሥራ ረጅም ርቀት ተጉዟል። ታማሚው መድኃኒቱን በባለሙያ ክትትል ሥር እንዲወስድ የሚያደርገው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ በሙከራ ተጀምሮ ወደ መላው አገሪቱ ተስፋፍቷል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ሺህ ሕዝብ ውስጥ በዓመት ከ400 በላይ የሚሆኑት በበሽታው ይያዙ የነበረ ሲሆን፣ አኃዙ በቅርብ ዓመታት ከ150 በታች ወርዷል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ዝርዝር ደግሞ ኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከበረታባቸው አገሮች ተርታ ወጥታለች። ያም ሆኖ ቲቢ እንዲሁም የቲቢና የኤች አይ ቪ ጥምር ሕመም ከፍተኛ ጫና ከሚያሳድርባቸው አገሮች ዝርዝር ገና አልወጣችም። የተገኘው ውጤት የሚያበረታታ ቢሆንም ለመዘናጋት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

የንክኪ ልየታ የሚባለው ሥራ ታማሚው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት አብረውት ያደሩትን፣ ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አዘውትረው ረጅም ሰዓት ያሳለፉትን ሰዎች መዝግቦ መመርመርን ይጠይቃል። ቲቢ የሚተላለፈው ታማሚው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር ከሳንባው በሚወጣው አየር አማካይነት በመሆኑ፣ አደጋው ይበልጥ የሚያይለው በጠባብና አየር በማይዘዋወርበት ቤት አብረው በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። በታዳጊ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን በማሰባሰብ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ግምገማ እንዳመለከተው፣ ከታማሚዎች ጋር ንክኪ ካላቸው 100 ሰዎች ውስጥ 3 ያህሉ በምርመራው ወቅት ራሳቸው በቲቢ የታመሙ ሆነው የሚገኙ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሕመሙ ባይታይባቸውም ባክቴሪያውን በሰውነታቸው ተሸክመው ይኖራሉ። እነዚህን ሰዎች ቀድሞ ማግኘት ማለት ነገ የሚታመሙትን ዛሬ መታደግ ማለት ነው።

ለዚህ ማስረጃ ከሚሆኑት መካከል በቬትናም የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ይጠቀሳል። በስምንት ክፍለ አገሮች በሚገኙ 70 ወረዳዎች በተካሄደው በዚህ ጥናት ከ25 ሺህ የሚበልጡ የታማሚ ቤተሰቦች አባላት ለሁለት ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። በየጊዜው ወደ ጤና ተቋም እየተጠሩ ምርመራና የደረት ራጅ በተደረገላቸው ወገኖች ዘንድ 1 ነጥብ 8 በመቶው ቲቢ የተገኘባቸው ሲሆን፣ በተለመደው መንገድ ብቻ በተያዙት ዘንድ ግን የተገኘባቸው 0 ነጥብ 7 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከሁሉም በላይ ክትትል በተደረገላቸው ወገኖች ላይ የደረሰው የሞት መጠን ከሌሎቹ በ40 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የንክኪ ልየታ ሕይወት የሚያድን ሥራ መሆኑን ይህ ውጤት በግልጽ ያሳያል።

ሆኖም ጥቅሙ ይህን ያህል የታወቀው ሥራ በተግባር ሲታይ ወደ ኋላ የቀረ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2018 በኒውዮርክ ባካሄዱት ከፍተኛ ስብሰባ በአምስት ዓመታት ውስጥ 30 ሚሊዮን ሰዎች የቲቢ መከላከያ ሕክምና እንዲያገኙ ተስማምተው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮኑ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች፣ 24 ሚሊዮኑ ደግሞ ከታማሚዎች ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሕፃናትና አዋቂዎች እንዲሆኑ ታቅዷል። ዘመኑ ሲጠናቀቅ የመጀመሪያው ግብ ከዕቅድ በላይ ተሳክቶ 11 ነጥብ 3 ሚሊዮን ሲደርስ፣ የቤተሰብ አባላቱ ግን ወደ 4 ሚሊዮን አካባቢ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ የመጣው መድኃኒቱ ስላልነበረ አይደለም። ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች አስቀድሞም ለክትትል ወደ ጤና ተቋም ይመጣሉ፤ የታማሚው ቤተሰብ ግን ጤነኛ ነኝ ብሎ በየቤቱ ተቀምጧል። አንዱ ራሱ ይመጣል፣ ሌላውን ሄዶ ማግኘት ይጠይቃል።

ሄዶ ማግኘቱ ደግሞ በቃል እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። በገጠር ከጤና ጣቢያ የብዙ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው የሚኖሩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ምንም እንኳ በኢትዮጵያ የቲቢ ምርመራና መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ቢሆንም፣ የመጓጓዣው ወጪና የሚባክነው የሥራ ቀን የድሃውን ቤተሰብ ኪስ ይጎዳል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከቲቢ ታማሚ ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ በበሽታው ምክንያት ከዓመታዊ ገቢያቸው ከ20 በመቶ በላይ የሚሆነውን እንደሚያጡ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናቶች ያመለክታሉ። ስሜቱ ጤነኛ የሆነን ሰው ሥራውን አስፈትቶ፣ ወጪ አስወጥቶ ለምርመራ ማምጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የርቀት ንክኪ ልየታ ጠቀሜታው ጎልቶ የወጣው በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ወቅት ነው። የመጀመሪያው ታማሚ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የ8335 ነጻ የስልክ መስመር ከሕዝብ ጥቆማ መቀበያ በመሆን አገልግሏል። ከታማሚዎች ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ዝርዝር መያዝና የጤንነታቸውን ሁኔታ በየጊዜው መጠየቅም በስፋት የተለመደ ሥራ ሆነ። በሌላ በኩል ወረርሽኙ በቲቢ አገልግሎት ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። በዓለም ዙሪያ በምርመራ ተለይተው የሚመዘገቡ የቲቢ ታማሚዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረበት 7 ነጥብ 1 ሚሊዮን፣ በ2020 ወደ 5 ነጥብ 8 ሚሊዮን አሽቆልቁሏል። አንዱ ወረርሽኝ ያስተማረውን ዘዴ ለነባሩ በሽታ ማዋል ተገቢ ሆኖ የተገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

በቲቢ ረገድ የርቀት ልየታ በተለይ የሚጠቅመው ከቤቱ ርቆ ለሚገኘው የቤተሰብ አባል ነው። በመኸር ወቅት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በሌላ ክልል ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ፣ ከብቶቹን ተከትሎ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሰው አርብቶ አደር በቤት ለቤት ጉብኝት አይገኙም። ታማሚው ሕክምና በጀመረበት ዕለት የእነዚህ ሰዎች ስልክ ቁጥር ከተመዘገበ ግን ባለሙያው ደውሎ ስለ ሕመሙ ምልክቶች ሊጠይቃቸው፣ በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው ጤና ጣቢያም ሊመራቸው ይችላል። ቲቢ እንደ ኮቪድ 19 በ14 ቀናት ክትትል የሚያበቃ አለመሆኑም ስልኩን ተፈላጊ ያደርገዋል። ባክቴሪያው የገባባቸው ሰዎች ከታመሙ በአብዛኛው የሚታመሙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ስለሆነ፣ ጥሪው ከወራት በኋላ ተደጋግሞ መደረግ ይኖርበታል።

ይሁን እንጂ የስልኩ ድንበር የት ላይ እንደሆነ ማወቅም ያስፈልጋል። የአገሪቱ የሞባይል ደንበኞች ቁጥር በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቢሆንም፣ በብዙ የገጠር ቤቶች አንዱን ስልክ የሚይዘው አባወራው ነው። እናቲቱና ልጆቹ የሚጠየቁት በእሱ በኩል ይሆናል። ከዚህም በላይ በስልክ የሚጠየቁት ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ በሁሉም ታማሚዎች ላይ አይታዩም። በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ የስርጭት ጥናቶች እንዳረጋገጡት፣ በኅብረተሰቡ ውስጥ ቲቢ ከሚገኝባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በምርመራው ወቅት ምልክት አለብን ብለው አይናገሩም። እነዚህን የሚለየው የደረት ራጅና የአክታ ምርመራ ነው። አክታ ደግሞ በስልክ አይላክም።

በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በጥናቱ የታማሚ ቤተሰቦች አክታ በቤታቸው እንዲሰበሰብ፣ ውጤቱና ቀጣዩ መመሪያም በአጭር የጽሑፍ መልእክት በስልክ እንዲደርሳቸው ተደርጎ ነበር። ይሁንና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሉ ምርመራቸውን ያጠናቀቁት፣ መልእክቱ ለተላከላቸውም ሆነ ላልተላከላቸው፣ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። በኢትዮጵያም በአዲስ አበባና በኦሮሚያ በሚገኙ ጤና ተቋማት፣ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን በወቅቱ መውሰዳቸውን ከርቀት ለመከታተል የሚያስችሉ መሣሪያዎች ተሞክረው፣ የሕክምናውን ውጤት ከተለመደው አሠራር የተሻለ ለማድረግ አልቻሉም። ከእነዚህ ሙከራዎች የሚገኘው ትምህርት ቴክኖሎጂው አይጠቅምም የሚል አይደለም። መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ተግባር የሚለውጥ ሰው በሌላው ጫፍ ከሌለ መልእክቱ መልእክት ሆኖ ይቀራል የሚል ነው።

ይህን ሰው በተመለከተ ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች የተሻለ መሠረት አላት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን መድቦ፣ ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎችን በኅብረተሰቡ መካከል ማሰማራቱ ይታወቃል። በሲዳማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አክታ በመሰብሰብና ሕክምናን በመከታተል በተሳተፉባቸው ቀበሌዎች ሕክምናቸውን በስኬት ያጠናቀቁ ታማሚዎች 89 ነጥብ 3 በመቶ ሲሆኑ፣ ባልተሳተፉባቸው ቀበሌዎች ግን 83 ነጥብ 1 በመቶ ነበሩ።

በዚሁ በሲዳማ፣ በወቅቱ አጠራር ሲዳማ ዞን፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የተካሄደው ሰፊ ሥራ ውጤት ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያስሉ ሰዎችን በየቤቱ እየለዩ አክታቸውን ይሰበስባሉ፤ ናሙናውንም በቀበሌያቸው ያዘጋጃሉ። ተቆጣጣሪዎች ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ ያደርሳሉ፣ በሽታው ለተገኘበት ሰው ሕክምና ያስጀምራሉ፣ የቤተሰቡን አባላት ይመረምራሉ፣ ለሕፃናቱም የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣሉ። በዚህ አሠራር በአክታ ምርመራ የሚገኙ ታማሚዎች ቁጥር ከ100 ሺህ ሰው 64 የነበረው ወደ 127 ከፍ ብሏል። ሕክምናቸውን በስኬት ያጠናቀቁትም 93 በመቶ ደርሰዋል። እዚህ ላይ የተጓዘው ናሙናው ነው እንጂ ታማሚው አይደለም። የርቀት አሠራር ትክክለኛ ትርጉሙም አገልግሎቱን ወደ ሰው ማቅረብ መሆኑን ሲዳማ አሳይታለች።

የኅብረተሰቡ ተሳትፎ በጤና ባለሙያ ብቻ የሚወሰን አይደለም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ቢባልም፣ ቲቢን ከሚያስደብቁት ነገሮች ዋነኛው መገለልን መፍራት ነው። የታማሚውን ኩባያና ሳህን መለየት ዛሬም በየቤቱ ይታያል። ቲቢ በዕቃ እንደማይተላለፍ፣ ታማሚው መድኃኒቱን በአግባቡ መውሰድ ከጀመረ በኋላም የማስተላለፍ ዕድሉ በፍጥነት እንደሚቀንስ ለሕዝቡ ማስረዳት ያስፈልጋል። ይህን ከማያውቀው ደዋይ ይልቅ የዕድሩ ዳኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ የቀበሌው የሴቶች ልማት ቡድን መሪ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ታክሞ የዳነው ሰው ቢናገረው የበለጠ ይሰማል። ለቀብርና ለሐዘን ተሰባስቦ የሚረዳዳው ዕድር፣ ሞትን አስቀድሞ ለመከላከልም ሊሰባሰብ የማይችልበት ምክንያት የለም።

እነዚህን ሁለት አቅሞች ማቀናጀት የሚቻልበት መንገድ ውስብስብ አይደለም። ታማሚው ሕክምና በሚጀምርበት ዕለት አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ስም፣ ዕድሜና የሚገኙበት አድራሻ በፈቃዱ ይመዘገባል። በቀናት ውስጥ ስልክ ላላቸው ይደወላል፤ ስልክ ለሌላቸው፣ ለሕፃናትና ምልክት ለታየባቸው ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአካል ትሄዳለች። ጥሪው የሚደረገው ተጠሪው በሚናገረው ቋንቋ፣ ከተቻለም እሱ በሚያውቀው ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ባለሙያዋ ውስን ጊዜዋን መገኘቷ ግድ በሆነበት ቤት ላይ ታውላለች። ከመጀመሪያው በ16 የጤና ፓኬጆች ላይ እንድትሠራ የተመደበች ሠራተኛ የሥራ ጫናዋ ተቃሎ እንድታገለግል ማድረግም የዕቅዱ አካል ሊሆን ይገባል።

በዚህ ሂደት ሁለት ጉዳዮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው የታማሚው ምስጢር ነው። ደዋዩ የታማሚውን ስም ለሦስተኛ ወገን ቢያወጣ ወይም ስልኩን ላነሳው ሁሉ ጉዳዩን ቢዘረዝር፣ በአንድ ጥሪ የጠፋው አመኔታ በብዙ ጉብኝት አይመለስም። ሁለተኛው የሥራው መለኪያ ነው። የተደወለው ጥሪ ብዛት ለሪፖርት ያመች ይሆናል፤ የሥራው ፍሬ ግን የሚታወቀው ከተመዘገቡት ውስጥ ስንቱ ተመረመሩ፣ ስንቱ ሕክምና ጀመሩ፣ ስንቱ የመከላከያ መድኃኒቱን ጨረሱ በሚለው ነው።

የመከላከያ መድኃኒቱ ነገር በራሱ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ቀድሞ ለስድስት ወራት በየቀኑ ይወሰድ ከነበረው አይሶናያዚድ ጎን ለጎን፣ ዛሬ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ወራት፣ በድምሩ 12 ጊዜ ብቻ የሚወሰድ የመድኃኒት ጥምረት አለ። ይህም የሚሰጠው ሰውየው በቲቢ ያልታመመ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በተለይ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ባክቴሪያው ከገባባቸው ፈጥኖና በከባድ ሁኔታ የሚያጠቃቸው ስለሆነ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። ክብደት አለመጨመርና ጨዋታ መተው በሕፃናት ላይ የሚታዩ ምልክቶች በመሆናቸው፣ እነዚህን በቅርብ የምታስተውለው እናት የክትትሉ ዋነኛ ተሳታፊ ናት።

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የውጭ ዕርዳታውን ማቋረጡ ለብዙ ታዳጊ አገሮች የቲቢ ፕሮግራሞች ምን ያህል በውጭ ገንዘብ ላይ የተንጠለጠሉ እንደነበሩ አሳይቷል። በዕርዳታ የተገዛ መሣሪያ ሲበላሽ፣ በፕሮጀክት የተቀጠረ ሠራተኛ ውሉ ሲቋረጥ ሥራው አብሮ እንዳይቆም፣ የንክኪ ልየታ በመደበኛው የመንግሥት በጀትና በነባሩ የጤና ኤክስቴንሽን መዋቅር ውስጥ መተከል ይኖርበታል። በአንጻራዊ ሁኔታ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቀው የስልክ ጥሪና በየመንደሩ ያለው የኅብረተሰብ አደረጃጀት ሲቀናጁ ለዚህ የተመቹ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በቲቢ የሚያዙ ሰዎችን ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጋር ሲነጻጸር በ2035 በ90 በመቶ፣ የሚሞቱትን ደግሞ በ95 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብተዋል። ዘመኑ እየቀረበ ነው። ወደ ጤና ተቋም የመጣውን ብቻ በማከም ወደዚህ ግብ መድረስ እንደማይቻል ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው፣ ለጤና ባለሙያው ብቻ የከበደው ሥራ ቤተሰቡ፣ ዕድሩና ቀበሌው ሲካፈሉት የሚቻል ይሆናል። ስልኩ የት እንዳሉ የማይታወቁትን ያገናኛል፤ በሩን ከፍተው የሚገቡት፣ የሚያስለውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱትና መድኃኒቱ እስኪያልቅ የሚጠይቁት ግን በቅርብ ያሉ ሰዎች ናቸው። የጤናው ዘርፍ አካላት አሠራራቸውን ሲቀርጹ ሁለቱን ሳይነጣጥሉ ሊይዟቸው ይገባል።